ደም ሲነበብ

ሥራዬ አፍ መሆን ነው፣ አፍ ላጠረው ሰው፤
አፉላ፣ ከኮረብታው ሰፈር፣ ከኩፓት ሆሊሙ ነው።
ዶክተር ሪማ ዕብራይስጧን ትጥላለች፣
በሩሲያ ምላስ አሽታ፣ ጠርዙን ሰብራ ታቀብላለች፤
እኔ እለቅማለሁ፤
በአማርኛ ወንፊት ነፍቼ ለአያ እንዳላማው አደርሳለሁ።
(«አንቱ አትበይኝ» ብሎኛል፤ «እዚህ አገር አንቱ የለም፤
አንተ ሲሉኝ ሃያ ዓመት ይቀንስልኛል፤ አልጠላም።»)

ዛሬ ወረቀቱ ረዝሟል፤
ከቁጥሩ ጎን ጎን ኮከብ በቅሏል።
«ኤል-ዲ-ኤል መቶ ሰባ ሁለት፣
ደጉ ስብ ሠላሳ አራት፣
ሲ-አር-ፒ ስድስት፤ ንገሪው» አለች፣ «ለልቡ ያሰጋል።»
ምን ብዬ? ኮሌስትሮል በእናቴ ቋንቋ ምን ይባላል?
«ስብ ነው፣ ደም ውስጥ» ብዬ ብነግረው፣
ሳቁ ቀደመው፤
«ስብ? ከዚህ ከእንጨት ገላ?
ውሻ እንኳ ቢነክሰኝ፣ የገዛ ጥርሱን ነው የሚበላ!»

ያኔ እጆቹን አየሁ፤ ፍንጣሪ የጠበሳቸው።
ይህ ሰው ቀጥቃጭ ነበር። ወገራ ላይ ጎረቤቶች ነበሩት፣
ቀን ማረሻ የገዙት፣
ማታ ዓይኑን የፈሩት።
«አያ እንዳላማው» አልኩት፣ «ልብህ ወናፍ ነው እንበል፤
አየሩን እስከ ፍሙ የሚያደርስ አፍንጫ አለው አይደል?
እሱ ላይ ምን ይጋገራል?»
«ጥላሸት ነዋ፤ ካልጠረጉት ይደፍነዋል።»
«እሱ ነው ኤል-ዲ-ኤል።»
«ሌላውስ?»
«እሳት ነው፤ ግን አይታይም፣ አይፈጅም፣ አያጨስ።»
ዝም አለ። ቀጥሎ፣ ቀስ ብሎ፣ «ረመጥ ነው፣ አመድ የለበሰ።
ነበልባልማ ምን አለው፤ ሰው አይቶ ይጮኻል፣ ውኃ ይመጣል፤
ቤት የሚበላው ረመጥ ነው፤ ሁሉም ሲተኛ ይነቃል።»

ለሪማ አዞርኩላት። ብዕሯን አስቀመጠች፤
«ይህን ማንም አላስተማረኝም» አለች።

እኔ ደስ ብሎኝ ሳለሁ፣ እሱ ክንዱን አየ፤ ጥጡን፣ የመርፌዋን ነጥብ።
«ይህንም ንገሪያት» አለ፣ ድምፁን ሳያነብብ፣ ሳይረብሽ፣
«ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። ደም ስጡ ሲሉን ሰጠሁ፣
ብስኩቴን በልቼ፣ ስሜን አስጽፌ፣ ቀና ብዬ ወጣሁ።
የእኛን ለይተው መድፋታቸውን ኋላ ነው የሰማነው፤
ማንም አላነበበው።
ለሰው ስሰጠው ተደፋ፤
ዛሬ ለራሴ ሲሆን ቁጥር አወጣ፣ ኮከብ ተደፋ።»

ላስቀረው? አፌ ደረቀ።
ግን የሰማሁትን መዋጥ ለእኔ አልተፈቀደ፤
አንድ ቃል ሳላጎድል አልኩት። መስኮቱ ውጭ ሜዳው ጭጋግ ለብሷል።
ጥጡ ተንሸራቷል፤
ሪማ በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ብዙ ቆየች፣ ሳትናገር።
ይህን መተርጎም አላስፈለገኝም ነበር።

«ሌላስ» አለች ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ቅጠል፣ ሥር የሚወስደው አለ?»
«ምንም በያት» ሲለኝ፣
የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ከቃሉ ቀድሞ ክፍሉን ሞልቶ ነበር፤ አሳቀኝ።
ተናዘዘ፦ ጠዋት ሁለት ፍንካች፣
ማታ የተቆላ ተልባ፣ ለብ ባለ ውኃ፣
ሮማን ደግሞ፣ ከጎረቤት አጥር፣ «ራሱ ወደ እኔ ያዘነበለ።»
«ተልባው ይቀጥል» አለች፤ «የወይራ ዘይትም፣ ምስርም።
ሽንኩርቱ በወጥ ይሁን፤ ከደም ማቅጠኛው ኪኒን ጋር ሲበዛ አይስማማም።
ኪኒኑን አይተው። ጨው የለበሰውን የሱፍ ፍሬ ይርሳ።
በቀን ግማሽ ሰዓት ይሂድ።»
«ይሂድ?» አለኝ፤ «ሱዳን በእግሩ የገባን ሰው፣ ሂድ ብሎ ማዘዝ ምን ይባላል?»
እሱን አልተረጎምኩም። ራሱ ስቋል።

ሊፍቱን ንቆ በደረጃ ወረደ።
በመስኮት አየሁት፤ ቁልቁለቱን ይዞ ሄደ፣
ከሱፍ ፍሬ ሻጩ ደጃፍ ሲደርስ ቆመ።
አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፤
አንዱ ደረቱ ላይ፤
ዋጋ ይጠይቅ እንደሆን፣
ወናፉን ያዳምጥ እንደሆን፣
ከላይ ሆኖ አይለይ።